ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ፦ ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ



«የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ተገላገልኩ። ከዚያ በኋላ ያረገዝኩት ግን አልበረከተልኝም» የሚሉ እናቶች ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት «ዓይን ነው»፣ «እርግማን ነው» ተብለዋል። በዚሁ ሰበብ ትዳራቸው የተናጋም አሉ። ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹን የጎዳው ሾተላይ የምንለው የደም አለመጣጣም ነው። ሾተላይን በጊዜው በሚሰጥ መርፌ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ መርፌውን መቼና እንዴት መውሰድ እንደሚገባ አብረን እንመልከት።

ሾተላይ እንዴት ይመጣል?

ማንኛውም ሰው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ከሚባለው የደም ዓይነቱ ሌላ አር ኤች ፖዘቲቭ ወይም አር ኤች ኔጌቲቭ ነው። በአገራችን ኔጌቲቭ የሆኑት ከ100 ሰዎች ከ10 ያነሱ ናቸው። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ፅንሱ የአባቱን ወርሶ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

በእርግዝና፣ በተለይም በወሊድ ጊዜ ጥቂት የሕፃኑ ደም ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። ሰውነቷም እንደ ባዕድ ቆጥሮት የሚዋጋ ፀረ አካል ያዘጋጃል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። ቀጣዩ ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ፀረ አካሉ በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ፅንሱ በደም ማነስ ይጎዳል፤ ሰውነቱ አብጦ በማህፀን ውስጥ ሊሞትም ይችላል። በሕይወት ቢወለድ እንኳ ቢጫነቱ ከበረታ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል።

መርፌው ምን ይሠራል?

መርፌው አንቲ ዲ ይባላል። ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ አካል ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። የእናቲቱ ሰውነት የራሱን ፀረ አካል ከማዘጋጀቱ በፊት የገባውን የሕፃኑን ደም ያስወግዳል። ያለ መርፌው፣ ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ 100 ኔጌቲቭ እናቶች 16 ያህሉ ፀረ አካል ያዘጋጃሉ። ከወሊድ በኋላ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 2 ይወርዳል፤ በእርግዝና ወቅትም ሲጨመር ከ1 በታች ይሆናል።

መቼ ይሰጣል?

1. በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት።
2. ፖዘቲቭ ልጅ ከተወለደ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ። ሰዓቱ ቢያልፍም እስከ 10 ቀን ድረስ ሊጠቅም ስለሚችል «አለፈኝ» ብላችሁ አትቅሩ።
3. ፅንስ ሲጨነግፍ ወይም ሲቋረጥ፣ በተለይ ከ12 ሳምንት በኋላ። ከዚያ በፊት ከሆነ ባለሙያ ይወስን።
4. በእርግዝና ላይ ደም ሲፈስ ወይም ሆድ ሲመታ።

አንድ ጊዜ የተወሰደ መርፌ ለሚቀጥለው እርግዝና አያገለግልም፤ በየእርግዝናው ይደገማል።

ምን ጥንቃቄ ይደረግ?

• አስቀድሞ የደም ዓይነትና ኩምብስ የተባለው ምርመራ ይሠራ። ሰውነት ፀረ አካሉን አዘጋጅቶ ከሆነ መርፌው አይጠቅምም።

• መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀትም በረዶም ያበላሸዋል። ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ የምታመጡ ከሆነ ቅዝቃዜ በሚጠብቅ ዕቃ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋሙ አምጡ።

• አብዛኛውን ጊዜ በጡንቻ ይወጋል። በደም ሥርም ሊሰጥ የሚችል ዓይነት አለ፤ ለጡንቻ ብቻ የተሠራው ግን በደም ሥር ከተሰጠ አደገኛ ነው። ስለዚህ በቤት ወይም በሰፈር መርፌ ወጊ አታስወጉ።

• የሚወጋው ለእናት ብቻ ነው። ለሕፃኑም ሆነ ለአባት አይሰጥም።

• ቀደም ሲል ደም ወይም መርፌ ወስዳችሁ አለርጂ ከተነሳባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከተወጋችሁ በኋላም ቢያንስ 20 ደቂቃ እዚያው ቆዩ። የተወጋው ቦታ ቢያም ወይም ቀላል ትኩሳት ቢኖር አያስፈራም። ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ተጣሩ።

«ከሰው ደም ከተሠራ ኤች አይ ቪ አያመጣም ወይ?» ብለው የሚሰጉ አሉ። የለጋሾቹ ደም ይመረመራል፤ በሚዘጋጅበትም ጊዜ ቫይረስ የሚያጠፋ ሂደት ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ፍርሃት መርፌውን መተው ልጅን ለባሰ አደጋ ማጋለጥ ነው።

ለባሎች

እናንተም የደም ዓይነታችሁን አስመርመሩ። ሁለታችሁም ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ልጁም ኔጌቲቭ ስለሚሆን ስጋት የለም። ሚስት ኔጌቲቭ፣ ባል ፖዘቲቭ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ለገንፎው እህልና ቅቤ እንደሚዘጋጅ ሁሉ የመርፌውን ዋጋም ቀደም ብሎ ማዘጋጀት፣ የት እንደሚገኝም ማጠያየቅ የአባት ድርሻ ነው።

ፀረ አካሉ ቀድሞ የተገኘባችሁ እናቶችም ተስፋ አትቁረጡ። ከማርገዛችሁ በፊት የማህፀን ሐኪም አማክሩ፤ እርግዝናውም በትልቅ ሆስፒታል ክትትል ሊደረግለት ይገባል። እስከዚያው የሚስማማችሁን የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ኔጌቲቭ መሆን ከየትኛውም ዘዴ አይከለክልም።

ሾተላይ የሴቲቱም የባሏም ጥፋት አይደለም። የደም ዓይነታችሁን ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ተመርመሩና በካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።