ስለ እሳተ ገሞራ፤ አፈጣጠሩ፥ ፍንዳታውና ልዩ ልዩ ዓይነቱ

ከምድር ውስጥ ወጥቶ ተራራን የሚሰነጥቅ፥ ድንጋይን አቅልጦ እንደ ውኃ የሚያፈስ እሳት በቋንቋችን እሳተ ገሞራ ይባላል። ስሙም በኦሪት ዘፍጥረት በእሳትና በዲን እንደ ጠፋች ከተነገረላት ከገሞራ ከተማ ጋራ የተያያዘ ነው። የስሙ አስፈሪነት ግን ነገሩን ከመመርመር ሊያግደን አይገባም። ይህ እሳት የሚነሣበት ምክንያት፥ የሚወጣበት መንገድ፥ ብዙ ጊዜም ከመውጣቱ በፊት የሚያሳየው ምልክት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምልክቱን ይለያል፤ ምልክቱን የለየ ሰው ደግሞ ራሱንና ጎረቤቱን በጊዜ ያሸሻል።

ነገሩ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (2025) በአፋር ያለው የሃይሊ ጉቢ ተራራ፥ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ያልተጻፈለት ሲሆን፥ ፈንድቶ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ወጣ። በአፍዴራ በኩል ያለውን መንደርና የግጦሽ መሬት አመድ ለበሰው፤ ነፋስም አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ በየመንና በዑማን በኩል እስከ ፓኪስታንና እስከ ሕንድ አደረሰው። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች ነገሩን አስቀድመው ተረድተው ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ይህ ትምህርት ተዘጋጀ። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ የሚቈጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የአውሮፓው ዓመት በቅንፍ ውስጥ ይገኛል።

፩፤ ድንጋይ በምድር ውስጥ ስለምን ይቀልጣል

ምድር ከላይ ቀዝቃዛና ጠንካራ ቅርፊት አላት፤ ወደ ውስጥ በተገባ መጠን ግን ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። ሆኖም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከቅርፊቱ በታች ያለው ሁሉ የእሳት ባሕር አይደለም። በጥልቅ ያለው ድንጋይ እጅግ የጋለ ቢሆንም በላዩ የተጫነው ክብደት አጥብቆ ስለሚያምቀው አብዛኛው ሳይቀልጥ ይኖራል። የሚቀልጠው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ነው።

መጀመሪያው፥ ጭነቱ ሲቀልለት ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ በታላላቅ ገበታዎች የተከፈለ ነው። እነዚህም ገበታዎች በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያሉ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱ ሲለያዩ ከበታች ያለው የጋለ ድንጋይ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣም ያመቀው ክብደት ስለሚቀንስለት ይቀልጣል። የአፋር ምድርና የስምጥ ሸለቆ እንዲህ ካለው ስፍራ ናቸው። በአፋር የሦስት ገበታዎች ዳርቻ ይገናኛል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ነው።

ሁለተኛው፥ ውኃ ሲገባበት ነው። አንዱ ገበታ ከሌላው በታች በሚሰጥምበት ስፍራ ከባሕር ወለል የተሸከመውን ውኃ ይዞ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ውኃ የገባበት የጋለ ድንጋይ ደግሞ ከደረቁ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። የጃፓን፥ የኢንዶኔዥያና የፊሊፒንስ እሳተ ገሞራዎች የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው፥ ከምድር ጥልቅ የተለየ ሙቀት ያለው ድንጋይ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ነው። በታላቁ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች የዚህ ምሳሌ ናቸው።

የቀለጠው ድንጋይ በምድር ውስጥ ሳለ ማግማ፥ ወደ ውጭ ሲወጣ ላቫ ይባላል። በዙሪያው ካለው ድንጋይ ስለሚቀልል ስንጥቁን እየተከተለ ይወጣና ከተራራው በታች እንደ ጎተራ ባለ ስፍራ ይጠራቀማል።

፪፤ አንዱ በጸጥታ ሲፈስ ሌላው ስለምን ይፈነዳል

በማግማ ውስጥ የውኃ እንፋሎትና ሌላም ጋዝ አለ። በጥልቅ ሳለ ጋዙ ታምቆ ከማግማው ጋራ ተዋሕዶ ይኖራል፤ ወደ ላይ ሲቀርብ ግን አረፋ ሆኖ ይለያል። ጠጅ ገና በመፍላት ላይ ሳለ የጋኑን አፍ አጥብቆ የደፈነ ሰው ምን እንደሚያገኘው ያውቃል፤ መውጫ ያጣው አየር ወይ ክዳኑን ይወረውራል ወይ ጋኑን ይሰነጥቃል። ተራራም እንዲሁ ነው።

ነገር ግን አረፋው በቀላሉ መውጣቱና አለመውጣቱ በማግማው ቅጥነትና ውፍረት ይወሰናል። ይህንን በጓዳችን እናየዋለን። በድስት የተጣደ ውኃ ሲፈላ እንፋሎቱ ያለ ችግር ይወጣል፤ ገንፎ ግን ወፍራም ስለሆነ እንፋሎቱን ይዞ ያብጥና በድንገት እየተፈናጠረ የአገንፋይዋን እጅ ያቃጥላል። ማግማን የሚያወፍረው ሲሊካ የሚባለው፥ የአሸዋና የመስተዋት ዋና ክፍል የሆነው ነገር ነው። ሲሊካው ያነሰ እንደ ሆነ ማግማው ቀጭን ይሆናል፤ ሙቀቱም ከ1,000 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሲሊካው የበዛ እንደ ሆነ ሙቀቱ ያነሰ፥ አካሉ ግን የወፈረ ይሆናል፤ ጋዙንም አምቆ ይዞ በመጨረሻ ራሱን በታትኖ ይፈነዳል። ከሰማይ የሚዘንበው አመድ እንደ እንጨት አመድ የተቃጠለ ነገር አይደለም፤ በፍንዳታው የደቀቀ ድንጋይና መስተዋት ነው።

ዳግመኛም ማግማው ቀጭን ቢሆን እንኳ በመንገዱ ውኃ ካገኘ ፍንዳታ ይነሣል። በጋለ የብረት ምጣድ ላይ ውኃ ሲያፈሱ እንደሚሆነው፥ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ምድሩን ይጎደፍረዋል። የቢሾፍቱ ክብ ሐይቆች የተቀመጡባቸው ጉድጓዶች የተከፈቱት በዚህ ዓይነት ፍንዳታ ነው።

፫፤ ስለ ዓይነታቸው

ጋሻ መሰል። ቀጭን ላቫ ርቆ ስለሚፈስ ተራራው ቁልቁለቱ የለዘበ፥ በምድር ላይ የተዘረጋ ጋሻ የሚመስል ይሆናል። የአፋሩ ኤርታ አሌ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ሲሆን ከዚህ ወገን ነው። በራሱ ላይ ያለው የላቫ ሐይቅ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ይሞላል፥ አንድ ጊዜም ይጎድላል። ሆኖም ሃይሊ ጉቢም ከዚሁ ወገን ሆኖ ሳለ አመዱን ወደ ሰማይ እንደ ወረወረ አንብበናል፤ ስለዚህ በቅርጹ ብቻ መተማመን አይገባም።

ስንጥቅ። አንዳንድ ጊዜ ላቫ በተራራ አፍ ሳይሆን በረጅም የምድር ስንጥቅ ይወጣል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ የፈሰሰ ላቫ እርስ በርሱ እየተደራረበ ሰሜናዊውን ደጋችንን ሠራ፤ የሰሜን ተራሮች ገደል ሲታይ ድርቡ እንደ ደረጃ ይቈጠራል። በእኛም ዘመን በመስከረም 1998 ዓ.ም. (2005) በአፋር በዳባሁ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስፍራ ምድር በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተለያየች። ክፍተቱን የሞላው ማግማ ግን አብዛኛው በምድር ውስጥ ቀረ፤ ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ነው።

ድርብርብ። ወፍራም ላቫና አመድ እየተፈራረቁ የሚሠሩት፥ ጫፉ የሾለ ረጅም ተራራ ነው። 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው የጃፓኑ ፉጂ ይህን ይመስላል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ይህ ወገን ነው።

የፍም ቁልል። ከአንድ አፍ የተወረወረ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ በዙሪያው ተቈልሎ የሚሠራው ትንሽ ኮረብታ ነው። በሜክሲኮ የሚገኘው ፓሪኩቲን የካቲት 13 ቀን 1935 ዓ.ም. (1943) በአንድ ገበሬ የበቆሎ እርሻ መካከል ተወልዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ አለ።

ካልዴራ። ከታች ያለው ጎተራ በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን የተራራው ራስ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ሰፊ ድስት የመሰለ ጎድጓዳም ይቀራል። የሻላ ሐይቅ የተኛው እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በፈንታሌ ተራራ ራስ ላይም ሌላ ይታያል።

ይህ ሁሉ ጥፋት ብቻ ነው ማለት አይደለም። የደጋችን ጥቁር አፈር ብዙው ከዚያ ከጥንቱ ላቫ መበስበስ የተገኘ ነው፤ አባቶቻችን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባልጩትም በፍጥነት የቀዘቀዘ ወፍራም ላቫ ነው። በአልቶ ላንጋኖም ከምድር በሚወጣው እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት የሚያገለግል ጣቢያ ተሠርቷል።

፬፤ የሁለት ተራሮች ታሪክ

ምልክትን ማወቅ የሚሰጠው ጥቅም ከሁለት ታሪኮች ይታያል።

በካሪብያን ባሕር በማርቲኒክ ደሴት ላይ ፔሌ የሚባል ተራራ አለ፤ በግርጌው ሴንት ፒየር የምትባል ያማረች ከተማ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. (1902) በሚያዝያ ወር ተራራው ማጤስ ጀመረ፤ የዲን ሽታ ከተማውን ሞላው፤ አመድ በጣሪያ ላይ ወረደ፤ እባብና ነፍሳት ከተራራው ሸሽተው ወደ ሰው ቤት ገቡ። ምርጫ የቀረበበት ጊዜ ስለነበረ ሕዝቡ እንዳይሸበር ተብሎ ሥጋቱ ተቃለለ፤ አገረ ገዢውም ራሱ ወደ ከተማይቱ ገባ። ሚያዝያ 30 ቀን ጧት የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ደመና ሆኖ የተራራውን ጎን ተከትሎ ወረደ፤ በጥቂት ደቂቃም ወደ 28,000 ያህል ሰው ሞተ። አገረ ገዢውም ከሞቱት አንዱ ነበረ። ከከተማይቱ ሰዎች የተረፉት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ ግድግዳው በወፈረ ወህኒ ተዘግቶ የነበረ እስረኛ ነው።

ሁለተኛው በፊሊፒንስ ያለው የፒናቱቦ ተራራ ነው። 500 ዓመት ያህል አንቀላፍቶ ከቈየ በኋላ በ1983 ዓ.ም. (1991) ከመጋቢት ወር ጀምሮ እንፋሎት መትፋትና ምድርን ማናወጥ ያዘ። የምድር ሊቃውንት መሣሪያቸውን ተክለው መንቀጥቀጡንና ጋዙን ለኩ፤ አደገኛውን ስፍራ በካርታ ለይተው ለሹማምንቱ ነገሩ፤ ሹማምንቱም በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠረውን ሕዝብ አስወጡት። ሰኔ 8 ቀን ተራራው በታላቅ ኃይል ፈነዳ። የፍንዳታው ብርታት ከፔሌ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን በሺህ የሚቈጠር ሕይወት ዳነ። ከሞቱትም መካከል ብዙዎቹ የሞቱት በዚያው ቀን ዐውሎ ነፋስ ዝናብ ስላመጣ፥ የረጠበው አመድ ከብዶ ጣሪያ ስለተናደባቸው ነው።

በሁለቱ ተራሮች መካከል የነበረው ልዩነት ምልክቱ አይደለም፤ ሁለቱም ምልክት አሳይተዋልና። የተለየው ምልክቱን የተቀበለው ሰው ነው።

፭፤ ምልክቱና ጥንቃቄው

ተራራ ሊፈነዳ ሲል ብዙ ጊዜ እነዚህ ይታያሉ፤ ምድር ደጋግማ ትንቀጠቀጣለች፤ መሬቱ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ፍል ውኃ ሙቀቱ ይጨምራል፥ ወይም ባልነበረበት ይፈልቃል፤ እንፋሎትና የዲን ሽታ ይበዛል፤ የምንጭ ውኃ ጣዕሙና መልኩ ይለወጣል። ይህን ያየ ሽማግሌ ወይም መምህር ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ ሳይዘገይ ለወረዳው ያስታውቅ።

አመድ በዘነበ ጊዜ አፍና አፍንጫን በረጠበ ጨርቅ መሸፈን፥ የውኃ ዕቃንና ምንጭን መክደን፥ አመድ የለበሰውን ሣር ለከብት አለማብላት፥ ዝናብ ሳይደርስበት አመዱን ከጣሪያ ጠርጎ ማውረድ ይገባል። ላቫ የፈሰሰ እንደ ሆነ ከሸለቆና ከወንዝ ርቆ ወደ ጎን መሸሽ ነው። ከባዱ ጋዝ ደግሞ በጎድጓዳ ስፍራ ይተኛልና በዚያ ማደር አይገባም። በካሜሩን በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ካለው ከኒዮስ ሐይቅ ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. (1986) ሌሊት የወጣው ጋዝ እሳትም ፍም ሳይታይበት በሸለቆ ተኝተው የነበሩ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

በመጨረሻ፥ አንድ ነገር ለሽማግሌዎች በተለይ ይነገራል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን በኩል ማግማ በምድር ውስጥ ስለተንቀሳቀሰ ምድር ለወራት ተናወጠች፤ ቤትና መንገድ ተሰነጠቀ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሣ። የፈንታሌ ተራራ ግን በዚያን ጊዜ አልፈነዳም። እንዲህ ሲሆን «በከንቱ አንከራተቱን» የሚል ሰው አይጠፋም። ማግማ ወደ ላይ ሊወጣም፥ እንደ ዳባሁ አብዛኛው በውስጥ ሊቀርም እንደሚችል አይተናል፤ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ማንም በእርግጥ አይናገርም። ባልፈነዳ ተራራ ምክንያት የሸሸ ሰው የሚጐዳው ጥቂት ወር ነው፤ በሚፈነዳው ሥር የቀረ ግን ዳግመኛ የሚመክረው የለም። ሽማግሌው የሚሰማ ቃል አለውና በሚቀጥለው ጊዜ ሕዝቡ እንዲነሣ አስቀድሞ ይህን ያስረዳ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

፩፤ በምድር ውስጥ የጋለው ድንጋይ ሁሉ የማይቀልጠው ስለምን ነው? የሚቀልጥበትስ ሦስቱ ምክንያት ምንድን ነው?
፪፤ የገንፎና የውኃ ምሳሌ ምን ያስተምራል?
፫፤ በአካባቢያችሁ ፍል ውኃ፥ ባልጩት፥ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ይገኛልን? ሄዳችሁ አምጡ፤ እንዴት እንደተፈጠረም ተናገሩ።
፬፤ የሴንት ፒየር ሕዝብ ምን ምልክት አየ? እናንተ በዚያ ብትኖሩ ለማን ትነግሩ ነበር?