ፈቀቅ በይ እስቲ፣ ጎማውን አብረን እንምረጥ

ቆይ፣ ቆይ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽውን ጎማ ለመግዛት ብለሽ አትጫኚው። ርካሹን ከላይ የደረደሩልሽ ላንቺ አዝነው አይደለም። ይልቅ ቁልፍሽን ያዢና ወደ መኪናሽ እንውረድ፤ መጀመሪያ የሚነበበው እዚያ ያለው ነው።

የሹፌሩን በር ክፈቺ። ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ታየችሽ? 245/45 አር 18 ትላለች። 245 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሻል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጎኑ እያጠረ፣ ጉድጓዱም ወደ ቸርኬው እየቀረበ ይሄዳል። 18 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። ሰው እስከዚህ ያነብና ይተወዋል። አሁን ጎንበስ በይና ጎማው ራሱ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን እዪ፤ 100 ቪ። 100 ማለት አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 96 ቢሆን 710 ነበር። ቪ ደግሞ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው፤ ኤች 210፣ ቲ 190። «እኔ በ240 የት ልሄድ ነው?» ልትዪኝ ነው። የትም አትሄጂም። ግን ያን ፍጥነት የሚችል ጎማ ሙቀቱንም ይችላል፤ መሪውን ድንገት ስታዞሪም ከሥርሽ አይልፈሰፈስም። ፋብሪካው ካዘዘው እኩል ወይም በላይ ግዢ፤ በታች አይሞከርም። ሱቅ ያለው ልጅ «ይገጥማል እኮ» ቢልሽ፣ መግጠሙን ማን ጠየቀው በይው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ክፈቺና ምንጣፉን አንሺው። ቅያሪ ጎማ አለ? የለም። ክሪክም የለም። መኪናሽ የ2014 ቢኤም ደብልዩ 535 ናት፤ ከፋብሪካ የወጣችው በራን ፍላት ጎማ ነው። የራን ፍላት ጎኑ ወፍራም ስለሆነ፣ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እንኳ መኪናዋን ይሸከማታል። በሰዓት ከ50 ማይል ሳታልፊ እስከ 50 ማይል ያህል መንዳት ትችያለሽ። ፋብሪካውም ቅያሪውን ያስቀረው በዚህ ተማምኖ ነው።

ቢኤም የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ምን እንደሚልሽ ልንገርሽ። «ራን ፍላት ደረቅ ነው፣ ጉድጓድ በመታሽ ቁጥር ወገብሽ ድረስ ይሰማሻል፣ ውድ ነው፣ ምርጫው ጥቂት ነው፣ ባዶውን ከሄደ በኋላ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ አይጠግንልሽም። አውጥተሽ ጣዪው፣ መደበኛውን ግጠሚ።» እውነታቸውን ነው። እኔም የራሴን አስወጥቼ መደበኛ ነው ያስገጠምኩት፤ ለውጡ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ነው የታወቀኝ።

ላንቺ ግን አልመክርም። እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምመለስ ሰው ነኝ። ጎማዬ ቢተነፍስ ኢንሹራንሱ ጋ ደውዬ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ቡናዬን ይዤ ጎታቹን እጠብቃለሁ። አንቺ የማታ ፈረቃ ነርስ ነሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመሽ ውለሽ፣ ይቅርታ፣ ቆመሽ አድረሽ፣ ገና ሳይነጋ 495 አውራ ጎዳና ላይ ትወጫለሽ። ውድሮው ዊልሰን ድልድይ አጠገብ፣ ከባድ መኪና በጎንሽ እየነጎደ፣ ብቻሽን የመንገድ ጠርዝ ላይ ቆመሽ ጎታች ስትጠብቂ ማሰብ አልፈልግም። የራን ፍላቱ ትርፍ ዋጋ ለዚያች ለአንዷ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ በየመንደሩ ጎሚስታ አለ፣ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ጠግኖ፣ ንፋስ ሞልቶ ይሸኝሻል። እዚህ በዚያ ሰዓት ማን አለልሽ?

ደግሞም ራን ፍላት ሁሉ ድሮ እንደነበረው ድርቅ ያለ አይደለም። ብሪጅስቶን ድራይቭጋርድ የሚባለውን የሠራው ምቾት ለሚፈልግ የቤት መኪና ብሎ ነው። ፒሬሊም ቺንቱራቶ ፒ 7 ኦል ሲዝንን በራን ፍላት ያወጣል። ጎኑ ላይ ትንሽ ኮከብ ያለችበት ጎማ ካገኘሽ፣ ቢኤም ደብልዩ በራሱ መኪና ሞክሮ ተስማምቶበታል ማለት ነው። መርሴዲስ ለራሱ ኤም ኦ፣ አውዲ ደግሞ ኤ ኦ ብለው ያስጽፋሉ። ኮከብ የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ግን ባለኮከቡን ውሰጂ።

እምቢ ካልሽኝና መደበኛውን ካስገጠምሽ፣ ትንሽ የንፋስ መሙያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ከኋላ ሳታስቀምጪ አትንቀሳቀሺ። ፈሳሹ የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ቀኑን እዪ። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ደግሞ ምንም አያደርግልሽም። ሁለት ራን ፍላት፣ ሁለት መደበኛ አድርገሽ መቀላቀል የሚባለውን ሐሳብ ግን እርሺው፤ መኪናዋ ስትታጠፍ የፊቱ ሌላ፣ የኋላው ሌላ ያስባል።

የዋሽንግተን አካባቢ አየር በረዶው ጥቂት፣ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ኦል ሲዝን ይበቃሻል። የበጋ ጎማ በሐምሌ መንዳት ደስ ይላል፤ ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ግን ላስቲኩ ይደርቅና አያያዙ ይቀንሳል። ጎኑ ላይ ኤም እና ኤስ የሚል አይተሽ ለበረዶ ተፈትኗል ብለሽ አትሸወጂ፤ እሱ ስለ ጥርሱ አቀራረጽ ብቻ ነው የሚናገረው። በበረዶ ተፈትኖ ያለፈው ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ነው። መኪናዬ ኤክስ ድራይቭ ናት፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል ብለሽም አትመኪ። ኤክስ ድራይቭ ከቆምሽበት ያስነሳሻል እንጂ ፍሬን ስትይዢ አያቆምሽም። የሚያቆመው ጎማው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር ላሳይሽ። ኮንቲኔንታል ዲ ደብልዩ ኤስ የሚባለው ጎማ ጥርሱ ላይ እነዚሁ ሦስት ፊደላት ተቀርጸውበታል። ጎማው ሲበላ መጀመሪያ ኤስ ይጠፋል፤ ለበረዶ አልሆንም ማለቱ ነው። ቀጥሎ ደብልዩ፤ ለዝናብም አትመኚኝ ይላል። ብልህ ሰው ነው ያሰበው። ያንቺ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ሳንቲም እንጠቀማለን። ኳርተሩን ገልብጠሽ ጥርሱ መሃል ክተቺው። የዋሽንግተን ጭንቅላት ጫፍ ከታየሽ ከአንድ ኢንች 32 እጅ 4ቱ ወይም ከዚያ በታች ነው የቀረሽ። ቨርጂኒያ የዓመት ምርመራ ላይ የሚጥልሽ ከ2 ስትወርጂ ነው፤ እሱን በፔኒ የሊንከን ጭንቅላት ታዪዋለሽ። ግን እስከዚያ አትጠብቂ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 ሲሞክረው፣ 4 የቀረው ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ በ60 ማይል ሲሄድ የነበረን የቤት መኪና ለማቆም ከአዲሱ 87 ጫማ ገደማ ጨምሮ ወስዶበታል። ያ ከአምስት መኪና ርዝመት በላይ ነው፣ በሕግ ግን «ደህና» ጎማ ነበር። ያንቺ የኋላዎቹ፣ ነይ እዚህ፣ የውስጥ በኩላቸው ይኸው ሙልጭ ብሏል። ይሄ አላይመንት ነው። አዲስ ጎማ አስገጥመሽ አላይመንት ካላሠራሽ ገንዘብሽን አስፋልቱ ላይ እየፈተግሽው ነው።

ትሬድዌር 500፣ 600 የሚሉት ቁጥር አያማልልሽ። ጎማዎቹን ቴክሳስ ሳን አንጀሎ አጠገብ በ400 ማይል ዙር መንገድ ላይ እየነዱ፣ 7,200 ማይል ሲሞላ ያለውን መበላት ከማነጻጸሪያ ጎማ ጋር አስተያይተው ነው የሚያወጡት፤ ውጤቱን የሚሰጠውም አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ሁለት ጎማዎች ለማነጻጸር ይረዳሻል፣ የሚሽሊንን 500 ከሌላው 500 ጋር ለመለካት ግን አይረዳሽም። እርጥብ ላይ የመያዝ ደረጃው ግን ቁም ነገር ነው፤ ደብል ኤ ከሆነ ጥሩ፣ ኤ ይቻላል፣ ቢ ካለ እለፊው።

ዕድሜውን ደግሞ ጎኑ ላይ ከዶት ቀጥሎ ባሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ታውቂዋለሽ። 2324 ካለ በ2024 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በአንደኛው ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላገኘሽው በውስጥ በኩል አስፈልጊ። እኔን አንድ ሱቅ «ዛሬ የገባ» ብሎ ሊገጥምልኝ ሲል አራት ዓመት መጋዘን የከረመ ሆኖ አግኝቼ አስመልሼዋለሁ። ቢኤም ደብልዩ ጥርሱ ቢኖርም በስድስት ዓመት ቀይሩ ይላል፤ ከዚያ ላይ አራቱን ዓመት መደርደሪያ ሲበላው ምን ቀረሽ? ያገለገለ ጎማ ስለሚሸጡት አትጠይቂኝ። ውስጡ ተለጥፎ ይሁን፣ ባዶውን ተነድቶ ጎኑ ተሰባብሮ ይሁን ከውጭ አይታይም።

«ለጊዜው ሁለቱን ብቻ ልቀይር» የምትለዋን አውቃታለሁ። የፊት ጎማ ብቻ ለሚነዳት መኪና ሁለቱ ይቻል ነበር፤ ያኔም አዲሶቹ ከኋላ ነው የሚገቡት፣ በዝናብ ኋላዋ እንዳይከዳሽ። ያንቺ ግን ኤክስ ድራይቭ ናት። አንዱ ጎማ አዲስ፣ ሌላው የተበላ ሲሆን ዙሪያቸው እኩል አይሆንም፣ እኩል አይዞሩምም። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬስ ያን ልዩነት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይኖራል። እሱ ከሄደ የአራት ጎማ ዋጋ ትዝ አይልሽም። አራቱንም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት። ደግሞ ያንቺዎቹ አራቱም አንድ መጠን ስለሆኑ ፊትና ኋላ እያቀያየርሽ ዕድሜያቸውን ታረዝሚያለሽ። ስፖርት ፓኬጅ ያላቸው አንዳንዶቹ ከፊት 245/40፣ ከኋላ 275/35፣ 19 ኢንች ነው የሚያደርጉት፤ ለዓይን ያምራሉ፣ ባለቤቶቻቸው ግን ማቀያየር አይችሉም።

የመንገድ ጉዳት ዋስትና ልግዛ ወይ ብለሽኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ሱቅ ላይ የሚለጠፍብሽን ትርፍ ነገር ሁሉ እምቢ በይ እላለሁ፤ ይሄን ግን ግዢ። የካቲትና መጋቢት ላይ እዚህ አገር አስፋልቱ ሲፈነዳ አይተሻል፣ ጎኑ ያበጠ ጎማ ደግሞ አይጠገንም።

ሲገጥሙልሽ ባላንሱን በሮድ ፎርስ ማሽን እንዲሠሩት ጠይቂ። ተራው ባላንስ ክብደቱን ብቻ ያያል፤ ይሄኛው ጎማውን በሮለር ተጭኖ ክብነቱንም ይመረምራል። በ65 ማይል መሪሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዚች መኪና ትርፏ ምኑ ላይ ነው? ብሎኖቹን በንፋስ ጠመንጃ ብቻ ጨርሰው እንዳይሰጡሽ፤ በመለኪያ ቁልፍ 140 ኒውተን ሜትር ነው። ሲጨርሱ በመኪናዋ ስክሪን የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያውን ሪሴት አድርጊ። ንፋሱን ከሌሊት እንቅልፍ በኋላ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሩ ላይ ባለው ቁጥር ሙዪው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጣሪያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ማይሎች ደግሞ ዝግ በይ፣ አዲስ ጎማ ላዩ ያዳልጣል።

ቀጠሮውን ብቻ ከፈረቃ በምትወጪበት ጠዋት አታድርጊው። ተኝተሽ ተነሺና ሂጂ፤ አራቱም የተሠሩበትን ቀን ከመገጠማቸው በፊት ቆመሽ ማንበብ አለብሽ።