የፕላስቲክ ውሃ ቧምቧ ማያያዣ፦ አመራረጡና አገጣጠሙ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ለመቀነት ቢሆንም ለውሃ ቧምቧም ይሠራል። በቂሊንጦ ሮቶ ሲተከል፣ ግቢ ውስጥ ቧምቧ ሲቀጠል፣ ለትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ጥቁሩ ፕላስቲክ ነው፤ በሱቅ ኤችዲፒኢ የሚባለው። ይህ ቱቦ እንደ ብረት ጥርስ አይወጣለትም፣ እንደ ፒቪሲም በማጣበቂያ አይያዝም። ቀጫጭኑ የሚያያዘው ዳዶ ባለው ማያያዣ ሲሆን እሱም ኮምፕሬሽን ፊቲንግ ይባላል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ማንም ይገጥመዋል። በደንብ የሚገጥመው ግን ጥቂት ነው።

1. ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

እንደምናውቀው በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን በላላ ማያያዣ በኩል ውሃ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ገንዘብ ይባክናል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሁለተኛው ነው። ውሃ ሲቋረጥ በቱቦው ውስጥ የቀረው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶውም በዙሪያው ያለውን ይስባል። ያ ማያያዣ የተቀበረው በጭቃ ወይም በፍሳሽ ቦይ አጠገብ ከሆነ የሚሳበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በማግስቱ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያው ጆግ ውስጥ የሚቀዳው እሱ ነው። እንግዲህ ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ቆሻሻም ያስገባል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ነው።

2. የማያያዣው ክፍሎች

ሀ/ አካሉ፦ ቱቦው ገብቶ የሚያርፍበት ሲሆን በውስጡ መቆሚያ እርከን አለው።
ለ/ ጎሚኒው፦ ክብ ላስቲክ ነው። ውሃ የሚያግደው እሱ ብቻ ነው።
ሐ/ ገፊው ቀለበት፦ ጎሚኒውን በቦታው ይይዛል።
መ/ ነካሹ ቀለበት፦ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ በውስጡ ጥርስ ያለው ነው። ቱቦው ተስቦ እንዳይወጣ ነክሶ ይይዛል።
ሠ/ ዳዶው፦ ውስጡ እንደ ቀፎ ወደ ጫፉ የጠበበ ነው። ሲጠብቅ ነካሹን ቀለበት በቱቦው ላይ ያጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዳዶው ጥርስ ውሃ አያግድም፤ ሥራው መጭመቅ ነው። ስለዚህ በዳዶው ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም ጥቅም የለውም። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ከቆጣሪ ወይም ከብረት ቧምቧ ጋር በሚገናኘው ባለ ጥርስ ጫፍ ላይ ነው።

3. አመራረጥ

ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ «የግማሽ ኢንች ስጠኝ» ይላል። ኢንች የብረት ቧምቧ ቋንቋ ነው። ፖሊኢትሊን የሚለካው በውጭ ወርዱ፣ በሚሊሜትር ነው፦ 20፣ 25፣ 32፣ 40፣ 50፣ 63 እያለ ይሄዳል። የግማሽ ኢንች ብረት የውጭ ወርዱ 21 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ከ20 ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የአንዱ ማያያዣ ለሌላው አይሆንም። ከብረት ጋር ሲገናኙ ግን በተለምዶ 20 ከ1/2 ኢንች፣ 25 ከ3/4፣ 32 ከ1 ኢንች ጥርስ ጋር ይጣመራሉ።

ቀጥሎ በቱቦው ጎን የተጻፈውን ማንበብ ነው። «ፒኤን 10» ከተባለ በ20 ዲግሪ ሙቀት 10 ባር ይችላል፤ ይህም 100 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ግፊት ጋር እኩል ነው። ማያያዣውም ከቱቦው ያላነሰ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ አቅሙ ስለሚቀንስ ይህ ዓይነቱ ለሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ለዚያ በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር አለ።

4. አገጣጠም

ሀ/ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ። በሴጌቶ ከተቆረጠ ፍርፋሪው ይጠረግ።
ለ/ የውጭ ጠርዙን በቢላ ወይም በሞረድ ማሾል። ስለታም ጠርዝ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም።
ሐ/ መቆሚያው እርከን ድረስ ያለውን ጥልቀት ለክቶ በቱቦው ላይ ምልክት ማድረግ።
መ/ ዳዶውን ማላላት። ቀለበቶቹ ከወጡ በተራቸው ይመለሱ፤ የነካሹ ቀለበት ሰፊ ጫፍ ወደ አካሉ ይዙር።
ሠ/ የቱቦውን ጫፍ በሳሙና ውሃ ማርጠብ። ዘይትና ግራሶ አንዳንዱን ላስቲክ ስለሚያሳብጥ አይቀባ።
ረ/ ገፍቶ ማስገባት። ቱቦው መጀመሪያ ጎሚኒው ጋ ሲደርስ ይይዛል፤ ብዙው ሰው «ገባ» ብሎ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። አልገባም! ምልክቱ እስኪሸፈን ድረስ እያዞሩ መግፋት ያስፈልጋል።
ሰ/ ዳዶውን በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ በልክ ማጥበቅ። ከልክ ያለፈ ጉልበት ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር መንካት የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሠራተኞች ድርሻ መሆኑም አይዘንጋ።

5. የአካባቢያችን አፈር

የአቃቂ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፤ የተቀበረውንም አብሮ ይጎትታል። ቱቦው ራሱ ስለሚተጣጠፍ ይችለዋል፤ የሚነቀለው እስከ እርከኑ ያልገባው መጋጠሚያ ነው። ሙቀትም ይጨመርበታል። አንድ ሜትር ፖሊኢትሊን ለአንድ ዲግሪ ለውጥ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። በቀትር ፀሐይ የተዘረጋ 20 ሜትር ቱቦ መሬት ውስጥ ገብቶ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፦

20 × 20 × 0.2 = 80 ሚሊሜትር

8 ሴንቲሜትር ያጥራል ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦውን ወጥሮ ሳይሆን እንደ እባብ ጠመም አድርጎ መዘርጋት፣ የመጨረሻውንም ማያያዣ ጠዋት በቅዝቃዜ ማጥበቅ ይሻላል። ከሥሩና ከላዩ አሸዋ ወይም ድንጋይ የሌለው ልም አፈር ይደረግ። መጋጠሚያዎቹ ውሃ በመጣበት ቀን በሙሉ ግፊት ሳይፈተሹ አይቀበሩ። «ውሃ እስኪመጣ አንጠብቅም፣ ድፈነው» ማለት በኋላ እንደገና መቆፈር ነው።

6. ለእጩ መምህራን

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ያገለገለ ማያያዣ በሴጌቶ ለሁለት ብንሰነጥቀው አምስቱም ክፍሎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የስበቱን ነገር ደግሞ በላስቲክ ጠርሙስ ማሳየት ይቻላል። ጎኑን በመርፌ እንብሳው፣ ውሃ ሞልተን ክዳኑን እንዝጋ፣ ቀለም በተበጠበጠበት ሳህን ውስጥ እንንከረው። ጨምቀን ስንለቀው ቀለሙ ወደ ውስጥ ሲገባ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ያንን ያየ ልጅ ቤቱ ሄዶ ግቢው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ቧምቧ ለወላጆቹ ማሳየቱ አይቀርም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ከአምስቱ ክፍሎች ውሃ የሚያግደው የትኛው ነው? ቱቦውን የሚይዘውስ?
2. 35 ሜትር ቱቦ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ስንት ሴንቲሜትር ያጥራል?
3. በመኖሪያችሁ ወይም በተቋማችን ግቢ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ፈልጉ። ምክንያቱ ከላይ ከተዘረዘሩት የትኛው ይመስላችኋል?

የሦስተኛውን መልስ ጽፎ የሚያመጣ ካለ ከዚሁ ጽሑፍ አጠገብ ይለጠፍለታል።