በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ የእርሻ መግለጫ ከግሥ በኋላ የሚገባውን መስተዋድድ ስለ መምረጥ

‹መሰከረለት› እና ‹መሰከረበት› የሚለያዩት በአንዲት ፊደል እንደ ሆነ፤ በዚያችም ፊደል ምክንያት ተከራካሪ መሬቱን እንደሚያጣ ወይም እንደሚያስመልስ ለሹማምንት ሁሉ የታወቀ ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ከግሡ በኋላ ለብቻው በሚቆም ቃል ነው፤ ለሚደግፈው ምስክር ‹ቴስቲፋይ ፎር›፤ ለሚቃወመው ‹ቴስቲፋይ አጌንስት› ይላል።

የጋሞ ተወላጅ የሆነ ጸሐፊ ድካሙ ድርብ ነው። ጋሞኛ የስምን ዝምድና በስሙ መጨረሻ ቀጥሎ ያመለክታል፤ አማርኛ ከ፤ በ፤ ለ እያለ በስሙ ፊት ያስቀድማል። እንግሊዝኛም ከስሙ በፊት ያኖረዋል፤ ነገር ግን የትኛው ቃል እንዲገባ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ግሡ ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ቃል በቃል የሚያወርድ ሰው ይስታል።

ከጋሞ ደጋ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በወንዞች ወርዶ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ የውሃውም መልክ የቀላው በደለል ነው። ይህን የሚገልጽ ጸሐፊ ‹ደለሉ ከአፈር መታጠብ መጣ› ለማለት ‹ሪዘልት ፍሮም› ይላል፤ ‹የአፈር መታጠብ ደለልን አመጣ› ለማለት ‹ሪዘልት ኢን› ይላል። ፍሮምና ኢን ቦታ ቢለዋወጡ ግን ደለሉ ደጋውን አጠበው ማለት ይሆናል፤ መግለጫውን የሚያነብ ረጂም ገንዘቡን ለጨንቻ እርከን ሳይሆን ለሐይቁ ጠረጋ ሊያስብ ይችላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ከፊደል ግድፈት ይከፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም የጎደለው አይመስልምና።

ሌሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። መኸሩ በዝናብ ይወሰናል ሲባል ‹በ› የሚለው ጸሐፊውን ወደ ‹ባይ› ይስበዋል፤ ትክክሉ ‹ዲፔንድ ኦን› ነው። ዝናብን መጠበቅ በአማርኛ መስተዋድድ አይሻም፤ በእንግሊዝኛ ግን ‹ዌይት ፎር› ነው። በተቃራኒው ‹ስለ ሙዝ ገበያ ተወያዩ› ሲባል ‹ዲስከስ› ምንም አይከተለውም፤ ‹አባውት› የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው። አርባ ምንጭ መድረስም ‹ሪች› ከተባለ ያለ መስተዋድድ፤ ‹አራይቭ› ከተባለ በ‹ኢን› ነው። ለገበሬ ዘር ማቅረብ ሲጻፍ ገበሬው ቢቀድም ‹ሰፕላይ› ‹ዊዝ›ን፤ ዘሩ ቢቀድም ‹ቱ›ን ያስከትላል።

ስለዚህ ግሡን ከተከታዩ ጋር እንደ አንድ ቃል፤ ከሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር በመዝገብ መጻፍ ይገባል። መግለጫው ከመላኩ በፊትም ሌላ ሰው አንብቦ ምክንያቱ የቱ፤ ውጤቱ የቱ እንደ ሆነ በአማርኛ ይናገር። ለመጀመሪያው፤ በሙዝና በእንሰት ሥራ ዘወትር የሚያገለግሉ ሃያ ያህል ግሦች ይበቃሉ።