በቤንጋል የሩዝ መንደር የሥራ ማጣትና የረሀብ ወራት

በገበያ እህል እየተሸጠ መግዣ ያጣ ቤተሰብ ሊራብ ይችላል። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት አካባቢዎች አንዱ በሰሜን ባንግላዴሽ የሚገኘው የራንግፑር ገጠር ነው።

የራንግፑር መንደሮች የሠፈሩት ወንዞች ባመጡት ደለል በተሠራ ሜዳ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ የክረምቱ ጎርፍ እንዳይደርስባቸው አፈር ቆልለው ቤታቸውን በከፍታው ላይ ይሠራሉ። ዋናው ሰብል ሩዝ ነው። «አማን» የሚባለው ሩዝ በሐምሌና በነሐሴ ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ይተከላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል።

ከመንደሩ ነዋሪ ከፊሉ ጥቂት መሬት ያለው ነው። ከፊሉ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈል የእኩል አራሽ ሲሆን፣ ብዙው ደግሞ በቀን ምንዳ የሚተዳደር መሬት አልባ ነው። መሬት አልባው ጎተራ ስለሌለው የዕለት ምግቡ በዕለት ሥራው ላይ የተመሠረተ ነው። ችግኙ ተተክሎ ካለቀ በኋላ አጨዳው እስኪደርስ ድረስ ሥራ ይጠፋል፤ የሩዝ ዋጋም ይወጣል። ነዋሪዎቹ ይህን ወቅት «ሞንጋ» ይሉታል። በሞንጋ ድሃው በመጀመሪያ የሚበላውን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ይበደራል፤ ለመጪው አጨዳ የሚሆነውን ጉልበቱንም አስቀድሞ በርካሽ ይሸጣል፤ በመጨረሻም ፍየሉንና የቤት ዕቃውን ያወጣል። በመሆኑም አጨዳው ሲደርስ ምንዳው ቀድሞ ተበልቷል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ከባድ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ በችጋሩ እጅግ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ራንግፑር ነበር። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ የነበረው እህል በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ከ1971 እስከ 1975 ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የላቀ ነበር። ይሁን እንጂ ጎርፉ የእርሻ ሥራውን አጠፋ፤ የሩዝ ዋጋም ናረ፤ የቀን ሠራተኛው ምንዳ የሚገዛው ሩዝ እጅግ አነሰ። ይኸው ጥናት በ1965 ዓ.ም. የወሎን ችጋርም መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይንር መግዣ ያጣው ሕዝብ ማለቁን አስረድቷል።

ከዚያ ወዲህ በባንግላዴሽ ልዩ ልዩ እርምጃዎች ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ምግብ ለሥራ የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ቀድሞ የሚደርስ የአማን ዘር መዘራቱ አጨዳውን አቀረበው። በፓምፕ በሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ የሚለማው የበጋ ሩዝ ለመንደሩ ሁለተኛ የሥራ ወቅት ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃሙና ድልድይ ሲከፈት የራንግፑር ሠራተኛ በሞንጋ ወራት ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ ለመሥራት ቀለለው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ብራክ የተባለው ድርጅት እጅግ ድሃ ለሆኑ ሴቶች ከብትና ፍየል ከሥልጠና ጋር መስጠት ጀመረ። በእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት ሞንጋ ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእርዳታ ሠራተኛ ቅርብ ነው። የሰብል ግምገማ ብቻውን የድሃውን ሁኔታ አይገልጥም። የአንድ ቀን ምንዳ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ፣ ሥራ የሚጠፋባቸው ወራት የትኞቹ እንደሆኑና ድሃው ምን መሸጥ እንደጀመረ በየጊዜው መመዝገብ ይገባል። እርዳታው ፍየሏ ከመሸጧ በፊት ከደረሰ ቤተሰቡ በመንደሩ ጸንቶ ይቆያል፤ ከተሸጠች በኋላ ከደረሰ ግን ሕይወት ቢያተርፍም ኑሮውን እንደገና ማቋቋም ብዙ ዓመት ይጠይቃል።