ቀይዋ እንክብል ከአራሷ ለምን ቀረች?

ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ውስጥ አራስ ልትጠይቅ የመጣች ታላቅ እህት፣ «እኔ ስወልድ ቀይ እንክብል ዋጪ ብለውኝ ነበር፤ ለእሷ ለምን አልሰጧትም?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እንክብሏ የቀረችው ግን ተረስታ ወይም ጠፍታ አይደለም፤ ምክሩ ራሱ ተመርምሮ ስለተለወጠ ነው።

እንክብሏ የያዘችው ቫይታሚን ኤ ነው። ዓይን በምሽት ብርሃን እንዲያይ፣ ሰውነትም ተላላፊ በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል። ሲጎድል ቀድሞ የሚታየው ዳፍንት ነው፤ ቀን ሲሮጥ የዋለ ልጅ ጀንበር ስትጠልቅ በርጩማ ያደናቅፈዋል፣ ፊቱ የተቀመጠውን ኩባያ በዳበሳ ይፈልጋል። ጉድለቱ ከባሰ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ እስከ መታወርም ይደርሳል። ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል።

ሕፃን ሲወለድ በጉበቱ ያለው የቫይታሚን ኤ ክምችት ትንሽ ነው። ቀሪውን የሚያገኘው ከእናቱ ጡት ነው። ስለዚህ እናቲቱን ብንሞላ ወተቷ ይሞላል፣ ልጁም ይጠነክራል ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ መመሪያም እናት በወለደች በ45 ቀን ውስጥ 200,000 ዩኒት አንድ ጊዜ እንድትወስድ አዘዘ። የጊዜ ገደቡ ምክንያት ነበረው። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ ጽንስን ሊያበላሽ ይችላል። ነፍሰ ጡር በቀን ከ10,000 ዩኒት እንዳታልፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው። አዲስ አራስ ግን ገና ዳግም ስላላረገዘች ያ ስጋት የለባትም።

ተስፋውን ያጠናከረው ከኔፓል የመጣ ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት በየሳምንቱ አነስተኛ መጠን የወሰዱ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ሰበብ የሚደርስባቸው ሞት በ40 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ ገለጸ። ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የጋና ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም ያንን ውጤት አላገኘም፤ የባንግላዴሽ ጥናትም እንዲሁ። ከወሊድ በኋላ በሚሰጠው ትልቅ መጠን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ ደግሞ በወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ከፍ ቢልም የእናቶችና የሕፃናት ሕመምና ሞት ቀነሰ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ ዓላማ ለአራሶች መስጠትን እንደማይመክር አስታወቀ።

ታዲያ አራሷ ከየት ታግኘው? ከገበታዋ። እዚህ ላይ የጉራጌ ማዕድ የራሱ ትምህርት አለው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ቫይታሚን ኤ ግን ከእሱ አይጠበቅም። ጉድለቱን የሚሞላው አጠገቡ የሚቀርበው ጎመን ክትፎ ነው። የጎመኑ ቤታ ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ይህ ንጥረ ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ የምትፈሰው ቅቤ ለጣዕም ብቻ አይደለችም፣ ራሷም ቫይታሚን ኤ አላት። ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና እንቁላልም ይረዳሉ። ጎመን ያለ ቅቤ፣ ቆጮም ብቻውን የአራስን ወር አይሞሉም።

ለልጁ የሚሆነው ስጦታ ደግሞ ከጡቷ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣውን ወፍራም ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ የሚደፋ ቤት አለ። ቢጫ ያደረገው ግን ያው ካሮቲን ነው፤ በቫይታሚን ኤም ከኋለኛው ወተት ይበልጣል። የተደፋው ወተት የልጁ የመጀመሪያ ስንቅ ነበር።

እንክብሏ ከነጭራሹ አልጠፋችም፤ ተራዋ የልጁ ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 100,000 ዩኒት የያዘችውን ሰማያዊ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ያለው 200,000 ዩኒት የያዘችውን ቀይ በየስድስት ወሩ ያገኛል። ባለሙያዋ ጫፏን በመቀስ ትቆርጥና ዘይቷን አፉ ውስጥ ጠብ ታደርግለታለች፤ በደቂቃ ያልቃል።

እንግዲህ አራስ ጠያቂዋ እህት ሆይ፣ እንክብል አትፈልጊላት። ጎመኑን በቅቤ አሽተሽ አቅርቢላት፣ ቢጫው ወተት እንዳይደፋ ተከላከይ። ማታ ማየት ካቃታት ጤና ጣቢያ ውሰጃት እንጂ በራስሽ መድኃኒት አትስጫት። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ጤና ኬላ ይዛው እንድትሄድ አስታውሻት።