ከዘር እደላ በፊት ብስባሽ፤ በሠፈራ ጣቢያ የቅጠላ ቅጠል አትክልት አመራረት

በድርቅ ለተፈናቀለ ቤተሰብ የሚታደለው ቀለብ ባመዛኙ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ይህም ረኃብን የሚያስታግሥ ቢሆንም፣ ከትኩስ ቅጠል የሚገኘውን ቪታሚን ሊተካ አይችልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በሱዳንና በሶማሊያ ተጠልለው በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል፣ ድድን የሚያደማው የስከርቪ በሽታ በተደጋጋሚ የተከሠተው በቪታሚን «ሲ» እጥረት ነበር። አረንጓዴ ቅጠል ሕፃናትን ከዳፍንት ለመጠበቅም ይረዳል። ስለዚህ የጓሮ ጎመን ከቀለብ እደላው ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዘር ማደል ብቻውን በቂ አይሆንም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚፋፉት ናይትሮጅንና እርጥበት ሳይቋረጥ ሲያገኙ ነው። በተራቆተ አፈር ላይ ሁለቱንም ለማስገኘት የሚረዳው በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ ማለትም ኮምፖስት ነው።

ለዝግጅቱ ጥላ ያለውና ውሃ የማይተኛበት ሥፍራ ይመረጣል። ደረቅ ገለባ፣ እርጥብ ሣር፣ ፍግና ስስ አፈር በተራ እየተነባበሩ፣ በየንብሩም ውሃ እየተርከፈከፈ 1 ሜትር ያህል ይከመራሉ። ከክምሩ ጥቂት ተወስዶ ሲጨመቅ እጅን አርጥቦ ካልተንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚገላበጥ ክምር ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮና ተፈርፍሮ የጫካ አፈር ሲሸት ለሥራ ደርሷል። ገለባ የበዛበት ብስባሽ ሳይበስል መደብ ላይ ከዋለ፣ ገለባውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻሙ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ዕድገቱም ይገታል።

የበሰለው ብስባሽ በ1 ካሬ ሜትር መደብ እስከ 3 ኪሎ ይደባለቃል። መሬት በጠበበበት ሥፍራ 3 እጅ አፈርና 1 እጅ ብስባሽ በጆንያ ሞልቶ መትከል ይቻላል። የከብት ሽንት በ5 እጥፍ ውሃ ቀጥኖ ከሥሩ አጠገብ ይፈስሳል እንጂ ቅጠል ላይ አይረጭም። አመድ ኮምጣጣ አፈርን ያሻሽላል፤ ነገር ግን ከትኩስ ፍግ ወይም ከሽንት ጋር ቢቀላቀል ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል። ትኩስ ፍግ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ስለሚይዝ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ከለቀማው 4 ወር አስቀድሞ ካልሆነ በቀር አይጨመርም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የጊዜ ጉዳይ ነው። ዘሩ በደረሰ ዕለት ብስባሽ ማዘጋጀት የሚጀምር ጣቢያ ከ3 እስከ 4 ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለሆነም የጣቢያ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች ሠፋሪው በገባበት ሳምንት የብስባሽ ሥፍራ ሊከልሉለት፣ የዘሩንም እደላ በዚያ ልክ ሊያቅዱ ይገባል።